ሦስት ጊዜ የሚጠይቅ አይኮን

ዕንቁ ካባ የሚባል ነገር የጠላችው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ካባ ምኗም አልነበረም።

እናቷ ሮማነወርቅ ከፍሉግሃፈን፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው፣ የማለዳ ፈረቃዋን ጨርሳ ገባች። የጽዳት ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ወጥ ቤት ወንበር ላይ ዘፍ አለችና፣ ጥሩ ወሬ ይዞ እንደመጣ ሰው ፈገግ አለች።

«እሑድ ለጋሽ ሳህሌ ካባ ልናለብሳቸው ነው።»

«ለምን? ምን አሸነፉ?»

«ምን ያሸንፋሉ! እንዲያርፉ ነዋ። ማኅበሩ ወስኗል። ብዙ ደክመዋል፣ አሁን በክብር ይሸኙ ተብሎ ነው። ግሪስሃይም ሰፈር ያለው አዳራሽ ተይዟል። እኔ ዳቦው ደርሶኛል።»

ዕንቁ የያዘችውን ሹካ አስቀመጠች።

ጋሽ ሳህሌ ጉትሎይትፊርቴል በሚባለው የፍራንክፈርት ሰፈር ውስጥ፣ እነሱ ያሉበት ሕንፃ የመጨረሻ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ተማሪ ሆነው መጥተው እዚሁ ሠርተው እዚሁ ጡረታ ወጡ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ ለማንም ክፍት በሆነው የከተማው ሬዲዮ ላይ ያለችውን የአማርኛ ሰዓት የሚያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። ዕንቁ ሳትወለድ ጀምሮ እሳቸው ናቸው። እሷ በሕፃንነቷ «የሬዲዮው ሰውዬ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው» ብላ ክፍል ውስጥ ስትናገር ማንም አላመናትም ነበር፤ እስካሁን ይቆጫታል።

«ከምንድን ነው የሚያርፉት? ከሬዲዮው?»

«አዎ። ኢዩ ይረከባቸዋል።»

«ኢዩ?!»

ኢዩ የማኅበሩ ሊቀመንበር የአቶ ሰናይ የእህት ልጅ ነው። ላፕቶፑ ላይ ተለጣፊ ለጥፎ ይዞራል፤ የማኅበሩ ሰው ስልኩ በተበላሸበት ቁጥር «ኢዩን ጥሩት» ይላል። አማርኛ ሲያነብ ግን ጠጠር ያልተለቀመለት ምስር የሚያኝክ ይመስላል።

«ያለፈው ቅዳሜ የሆነውን ረሳሽው?» አለች ሮማነወርቅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ማን ይረሳል! ሰው በየቤቱ የተለመደውን ዜናና ማስታወቂያ ሲጠብቅ፣ ሬዲዮው የጋሽ ሳህሌን ድምፅ እንዲህ እያለ አወጣው፦ «ዘርፌ፣ ዛሬ ደግሞ ሽንኩርቱን አሳረርኩት። ብትኖሪ ትስቂብኝ ነበር። መጋረጃውን አጥቤዋለሁ፤ መስቀሉ ግን አልሆነልኝም፣ ወንበሩ ላይ ተኝቷል…» ዘርፌ ማለት ዘርፈሽዋል ናት፣ ሚስታቸው። ካረፈች ቆይታለች። ሽማግሌው ሽንኩርቱን፣ መጋረጃውን፣ የጎረቤቱን ውሻ አንድ በአንድ ሲያወሯት አማርኛ የሚሰማው የፍራንክፈርት ሰው ሁሉ ሰማ። ቀድቶ ያልተቀባበለ የለም። አንዱ ከሥሩ የሚያስለቅስ ክራር አስገባበት፣ ሌላው የውሻ ጩኸት። ማክሰኞ ላይ «ጃጁ» ተባለ። ረቡዕ ላይ ካባ ተገዛ።

«ሽምግልና ነው፣ እግዜር ይርዳቸው እንጂ ምን ይደረጋል» አለች እናቷ። «ደግሞ በክብር ነው የኔ ልጅ። ማንም ክፉ አልተናገራቸውም።»

«እሱ ነው እኮ ያናደደኝ! ክፉ ቢናገሯቸው መልስ ይሰጡ ነበር። አሁን 'አንቱ፣ አባታችን፣ ያርፉ' እያሉ በሩን ሲዘጉባቸው ምን ሊሉ ነው? 'እግዜር ይስጥልኝ'?»

«አፍሽን ሰብስቢ! ሰው ይሰማል።»

«ይስማ!» አለችና በሩን ወርውራው ወጣች።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ነው የወጣችው። ጋሽ ሳህሌ ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ከፈቱላት።

«ምነው? እሳት ተነሣ?»

«ስለ ካባው ሰምተዋል?»

«ሰማሁ።»

«እና?»

«እና ምን? ካባ ነው። ይሞቃል።»

ዕንቁ በዚህች ቅጽበት በእሳቸውም ተናደደች። መጋረጃው እውነትም ወንበሩ ላይ ተኝቷል፤ መስኮቱ ራቁቱን ነው፤ እሳቸው ደግሞ ይቀልዳሉ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ያንን ነገር ለምን ላኩት?»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ሆኖ ለብቻው ይንቀጠቀጣል፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል አያዩትም።

«አልላክሁትም» አሉ። «ማለቴ… እንደላክሁት አላስታውስም። ከመቅዳቴ በፊት ማይክራፎኑን የምሞክረው ለእሷ ትንሽ አውርቼ ነው። ድሮ እዚህ ማዶ ትቀመጥና 'ይሰማል፣ አይሰማም' ትለኝ ነበር። ያን ቀን ዋናውን ፕሮግራም ጧት ላክሁ። ከሰዓት በኋላ ሙከራውን ልሰማው ከፈትኩ። ልሰማው ብቻ! ከዚያ ሬዲዮ ላይ ሰማሁት።» ወደ ራቁቱ መስኮት ዞሩ። «እንግዲህ ዕንቁ፣ ሰዎቹ ልክ ቢሆኑስ? ሰው ሲጃጅ እኮ ለራሱ አይታወቀውም።»

ዕንቁን ከካባው ሁሉ በላይ ያቃጠላት ይህ ነው። ስለ እሳቸው ያወሩት ያውሩ፣ የወሬኛ አፍ መቼም አይዘጋም። እሳቸው ግን ወሬውን አምነውት ተቀምጠዋል።

«ይነሡ» አለች። «እንዴት እንዳደረጉት ያሳዩኝ።»

በመጀመሪያ ኢንተርኔቱን ዘጋችው፤ ዳግመኛ አንዲት ቃል ከዚህ ቤት አምልጣ እንዳትወጣ። ከዚያ አጠገባቸው ቆመች። የላፕቶፑ ስክሪን ላይ የድምፅ ፋይሎቹ ተደርድረዋል። እነሱን ተጠግቶ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ «ላክ» የሚል ቀይ ቀስት ያለበት አይኮን አለ። ኢዩ የሠራላቸው ነው። ሁለቴ ሲጫኑት የሬዲዮ ጣቢያውን ገጽ ይከፍታል፤ ፋይል ጎትተው ሲጥሉበት ደግሞ ፋይሉን ወደ ጣቢያው ይልካል። ጣቢያው ያለው ማሽን የሚያጫውተው መጨረሻ የደረሰውን ነው።

«ያንን ሙከራ ልስማው ብለው ይክፈቱት» አለች።

ጋሽ ሳህሌ ማውሱን ያዙ። አንዴ ጫኑ። ሁለተኛውን ከመጫናቸው በፊት እጃቸው ወደ ጎን ሸተት አለ፤ ፋይሉ ከማውሱ ቀስት ጋር ተጣብቆ ሄደ፣ ጎረቤቱ ላይ ወደቀ። ላክ ዋጠው። ድምፅ የለ፣ ጥያቄ የለ፣ ምን የለ።

«ቆይ፣ ቆይ! ይድገሙት።»

ደገሙት። ዋጠው።

ዕንቁ ጠረጴዛውን በጡጫ መታችው። «ጋሼ! አልጃጁም! እጅዎ ነው የተንሸራተተው! ሁለቴ ሊጫኑ ሲሉ መሃል ላይ ይሄዳል፤ ይሄ ደንቆሮ ደግሞ 'አንሥተው ጣሉልኝ' ብሎ ያስባል። ጎኑ ላይ ይሄን ሆዳም አስቀምጠውለታል።»

«የቱን ሆዳም?»

«ላክን!»

ጋሽ ሳህሌ የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን ገልብጠው መዳፉን አዩት። ከዚያ ጀርባውን። በሐሰት የተከሰሰ ዘመድ የሚያዩ ይመስል ነበር።

«እንግዲያው ራሴ ደኅና ነው?»

«ራስዎማ ከማኅበሩ ራስ በሙሉ ይሻላል።»

«ይሄንስ ባናበዛው» አሉ፤ ግን ከገባች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻቸው ዝቅ አለ።

ዕንቁ ስልኳን ይዛ ወደ ደረጃው ወጣች፤ የምትናገረውን እንዳይሰሟት።

«ኢዩ፣ የጋሽ ሳህሌን ኮምፒውተር ያስተካከልከው አንተ ነህ?»

«አቤት ዕንቁዬ! አዎ፣ በነጻ ነው የሠራሁላቸው። ምነው?»

«ላክ ላይ ፋይል ሲወድቅ 'ይላክ ወይ' ብሎ ለምን አይጠይቅም?»

«አጠፋሁታ። ሽማግሌ ጥያቄ ሲበዛበት ይደነግጣል። አይንፋህ እንዲሆንላቸው ነው፣ ቀለል እንዲል።»

«ሁለቱ ክሊክስ? እንደ መትረየስ ካልተኮሱት አይገባውም።»

«የራሴን ሴቲንግ ነው የገለበጥኩላቸው። ለእኔ ይመቸኛል።»

«ለአንተ! እጃቸው እንደሚንቀጠቀጥ ዓይንህ አያይም? ያን ቀን የሚስታቸውን ነገር ሬዲዮ ላይ ያወጣኸው አንተ ነሃ!»

 ኢዩ ሳቀ፤ የሚያናድድ፣ ትልቅ ሰው ሕፃን ሲያባብል የሚስቃትን ሳቅ።

«ዕንቁ፣ በናትሽ። ዕድሜ ነው። ዛሬ ክሊክ ነው፣ ነገ ምድጃ ነው። ደግሞ ካባው ተገዝቷል እኮ።»

«ካባው ስለተገዛ ነው የሚጃጁት?»

«የተገዛ ካባ አይመለስም» አለና ዘጋባት።

ዕንቁ ስልኩን አንድ ደቂቃ ሙሉ ሰደበችው። የሰማት ስልኩ ብቻ ነው።

ስትመለስ ወንበር ስባ ማውሱን ነጠቀቻቸው። ትምህርት ቤት ያስተማራት ነገር አልነበረም፤ ትምህርት ቤትና ዕንቁ ብዙም አይግባቡም። ኮምፒውተር የምታውቀው ሰብራ ሰብራ ስትጠግን ነው። ግማሹን ኢንተርኔት ላይ አንብባ፣ ግማሹን ተሳድባ ነው የምትሠራው። መጀመሪያ የሁለቱን ክሊክ ፍጥነት እስከ መጨረሻው ወደ ቀርፋፋው፣ የኤሊ ሥዕል ወዳለበት ጎን ጎተተችው። ከዚያ እጅ ብዙ ርቀት ካልሄደ በቀር ፋይል ከቦታው እንዳይነሣ አደረገች፤ አሁን ቢንቀጠቀጡ ቢንቀጠቀጡ ንቅንቅ አይልም። ላክን ደግሞ እየረገመች ወስዳ ታች፣ ባዶው ጥግ ላይ ለብቻው ጣለችው።

«አንዴ ሲነኩት ብቻ እንዲከፈት ላድርገው? ሁለቴውን ብንተወውስ?»

«አይሆንም» አሉ ጋሽ ሳህሌ። «ሁለቴ ሲሆን እንደ ማንኳኳት ነው። ሳያንኳኩ መግባት አልወድም።»

ቀጥላ የላክን ሆድ ከፈተችና ኢዩ ያጠፋትን ጥያቄ መለሰች፤ በአማርኛ፦ «ልላከው?» ከሥሯ «አዎ» እና «አይ»።

«በሉ ይሞክሩት። ይሄንን ጎትተው ይጣሉበት። እንዲላክ እንደፈለጉ ያስቡ።»

ሽማግሌው ፋይሉን በሁለት እጃቸው ማውሱን ይዘው እስከ ጥጉ ወሰዱት። ጥያቄዋ ብቅ አለች። ጋሽ ሳህሌ «አይ» የምትለውን ተጫኑ።

«ምነው! እንዲላክ ይፈልጋሉ አልኩዎ እኮ!»

«እፈልጋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አይ አሉ?»

«ገና መጀመሪያው እኮ ነው» አሉ ተገርመው። «ሰው ቤት ሄደሽ 'ብዪ' ሲሉሽ ወዲያው 'እሺ' ትያለሽ? ትንሽ መግደርደር አለ አይደል? ደግሞ ይጠይቀኛል ብዬ ነዋ።»

ዕንቁ ልትጮህ አፏን ከፍታ፣ ሳቋ ቀደማት። የካባው ወሬ ከተነሣ ጀምሮ ያልሳቀችውን ሁሉ ሳቀች። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠችና ሦስት ጥያቄ ጻፈችላቸው። መጀመሪያ «ልላከው?» አይ ሲሉ፣ «ኧረ ልላከው?» ደግመው አይ ሲሉ፣ «በሞቴ፣ ልላከው?»

ጋሽ ሳህሌ ሦስተኛዋን ሲያዩ ዓይናቸው በራ። «ለሦስተኛም አይ ካልኩትስ?»

«ይተወዋል። አይልከውም።»

«አይጫነኝም?»

«አይጫንዎትም። አይ ማለትዎ እንደሆነ ይገባዋል።»

«ጥሩ አስተዳደግ አለው» አሉ።

እሑድ ዕንቁ የጋሽ ሳህሌን ላፕቶፕ ይዛ ከሁሉ ቀድማ አዳራሹ በር ላይ ቆመች። አዳራሹ ግሪስሃይም፣ መጋዘኖች መሃል ነው። ጧት የጸሎት ጉባኤ ተካሂዶበት ወንበሩ ገና በረድፍ ነው፤ ጣሪያው ላይ ደግሞ የማንም ያልሆነ የልደት ፊኛ ተንጠልጥሏል። እናቷ ወደ ጓዳው ዳቦ ይዛ ስታልፍ በዓይኗ አስጠነቀቀቻት።

አቶ ሰናይ ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ።

«አቶ ሰናይ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት። ጋሽ ሳህሌ አልተሳሳቱም። አይኮኑ ነው። ይኸው፣ ይዩት፣ አንዲት ደቂቃ ነው።»

አቶ ሰናይ አላዩትም። ጭንቅላቷን ዳበሷት። «ጎሽ፣ የኔ ልጅ። አባቶችን መርዳት ጥሩ ነው። አሁን ግን ፕሮግራሙ ወጥቷል፣ ሰው ተጠርቷል። ሂጂ፣ ለእናትሽ ዳቦ ቁረጪላት።»

«አሁን ለእኔ ቢላ ባይሰጡኝ ነው የሚሻለው» አለች።

አቶ ሰናይ የሰሙ አልመሰሉም። አለመስማት ሥራቸው ነው።

ጋሽ ሳህሌ በትራም መጡ፤ ከረባት አድርገው፣ ጫማቸውን ወልውለው።

«ለምን መጡ?» አለቻቸው ዕንቁ በጆሯቸው። «ቢቀሩ ምን ነበረበት?»

«ብቀር በሌለሁበት ያለብሱኛል» አሉ። «ፊት ለፊት እምቢ ልላቸው ነው የመጣሁት።»

ንግግሩ ረጅም ነበር። አቶ ሰናይ «ባለውለታችን» አሉ፣ «አንጋፋው» አሉ፣ «የደከመ ጉልበት» አሉ። ኢዩ ከጎን ቆሞ ስልኩን አቁሞ ይቀርጻል፤ ከኋላው ግድግዳው ላይ የአዲሱን ፕሮግራም ምልክት አስለጥፏል፣ የራሱ ፎቶ ያለበት። በመጨረሻ ካባው ወጣ። ጥቁር፣ ጫፍ ጫፉ ወርቃማ።

«አባታችን ይህን ካባ ሲለብሱ ማይክራፎኑን ለወጣቱ ማስረከባቸው ነው!» አሉ አቶ ሰናይ።

ጋሽ ሳህሌ ተነሡ። «አይ፣ ይቅርብኝ» አሉ።

አዳራሹ በፈገግታ ሞላ። «ትሕትናቸው!» አለች አንዲት ሴት። ጭብጨባ።

ዕንቁ ወንበሯ ላይ ተቁነጠነጠች።

«ኧረ ይልበሱ አባታችን!» አሉ አቶ ሰናይ።

«አልፈልግም። ሥራዬን አልጨረስኩም።»

«አያችሁልኝ ትልቅ ሰው!» እልልታ። ኢዩ ስልኩን ይዞ ጠጋ አለ።

«በሞቴ ይልበሱ!»

«አልለብስም ብያለሁ!» አሉ ጋሽ ሳህሌ፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። እልልታው ግን ከእሳቸው ድምፅ በላይ ሆነ። ሁለት ሰዎች ከኋላ መጡና ካባውን ትከሻቸው ላይ ጣሉት፤ አንደኛው አንገታቸው ሥር ቆለፈው። ሽማግሌው ሊያወልቁት እጃቸውን አነሡ፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሰው እጅ የነሡ መስሎት አብዝቶ አጨበጨበ።

ዕንቁ እንዴት ወንበሩ ላይ እንደወጣች አታውቅም።

«አይ አሉ እኮ!» ድምጿ ተሰነጠቀ። «አይ! አይ! አይ! ሦስቴ አሉ! ጆሮ የላችሁም? እኔ የሠራሁት ተራ አይኮን እንኳ ሦስቴ አይ ሲባል ይተዋል! እናንተ ከኮምፒውተር ታንሳላችሁ?»

እልልታው ግማሽ ላይ ተቆረጠ። ሮማነወርቅ ከጓዳ በር ላይ የዳቦ ሳህን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«ይቅርታ ይደረግልን» አሉ አቶ ሰናይ ወደ ሰዉ ዞረው። «ልጅ ናት። እዚህ አገር ያደጉ ልጆች ሥርዓት…»

«እዚህ አገር ባድግስ? በአማርኛ ነው የተናገርኩት! ያን ቀን የሚስታቸውን ነገር የላከው እሱ ነው፣ እዚያ የቆመው! እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የራሱን ሴቲንግ ጭኖባቸው! ይካድ እስቲ!»

ሁሉም ወደ ኢዩ ዞረ። ኢዩ ስልኩን ዝቅ አደረገ። «እኔ… ቀላል እንዲሆንላቸው ብዬ…» አለ።

«ሰናይ» አሉ ጋሽ ሳህሌ። «አቶ» የምትለዋ የለችም። «እኔ እኮ እየተግደረደርኩ አልነበረም።»



ሽማግሌው ወደ አንገታቸው ቁልፍ እጃቸውን ሰደዱ። ጣታቸው ቁልፉን ያገኘዋል፣ ያመልጠዋል፤ ያገኘዋል፣ ያመልጠዋል። ዕንቁ ዘላ ወርዳ ልትረዳቸው ስትሮጥ፣ በግራ እጃቸው «አይ» አሏት። ቆመች። መቆሙ እግሯን አቃጠላት፣ ግን ቆመች። አዳራሹ በሙሉ ያችን አንዲት ቁልፍ ጠበቀ። በመጨረሻ ተከፈተች። ካባውን አወለቁ፣ አጠፉት፣ እንደገና አስተካክለው አጠፉት፣ ወስደው አቶ ሰናይ ክንድ ላይ አስቀመጡት።

«ለሚወደው ስጡልኝ» አሉ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ፤ የሬዲዮው ድምፃቸው ወጣ። «ባለፈው ከሚስቴ ጋር ሳወራ ሰምታችሁኛል። አልጃጀሁም። አወራታለሁ። ነገም አወራታለሁ፣ ቤቴ ነው፣ ሚስቴ ናት። እንድትሰሙት አልፈለግሁም ነበር። ሰማችሁ። ደግ። አንዳችሁ ግን ደውላችሁ 'ምን ሆነህ ነው' አላላችሁኝም፤ ካባ ነው የገዛችሁልኝ።» ወደ ወንበራቸው ዞሩ። «ቅዳሜ በሰዓቴ እመጣለሁ።»

ኮታቸውን አንሥተው ወጡ። ማንም አላጨበጨበም። ዕንቁ ላፕቶፑን አቅፋ ተከተለቻቸው። የአዳራሹ በር ሳይዘጋ ሌላ እግር ከኋላዋ ሰማች፤ እናቷ ናት፣ ዳቦውን በፌስታል ጠቅልላ ይዛዋለች።

«ወንበር ላይ ወጥተሽ!» አለች ሮማነወርቅ እያለከለከች። «በጫማሽ! በሰው ፊት!»

«እማ፣ ውሸት ተናገርኩ?»

«ጫማሽን ነው ያልኩሽ» አለች እናቷ። «ሌላ ያልኩት ነገር አለ?» ዳቦውን ለጋሽ ሳህሌ አቀበለቻቸውና ሦስቱም ትራሙን ጠበቁ።

ቅዳሜ ዕንቁ ወደ ላይ የወጣችው አሁንም እንደተናደደች ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሲወራ ነበር፦ ሽማግሌው ባለጉ፣ ልጅቷ አባለገቻቸው፣ የሮማነወርቅ ልጅ መቼም… ኢዩ ደግሞ የራሱን ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ ሊጀምር ነው አሉ። ይቅርታ የጠየቀ የለም። አቶ ሰናይ ደውለው «ያለፈው አለፈ» ብለዋል፤ ያሳለፉት እሳቸው ይመስል።

መስኮቱ ላይ መጋረጃው ተሰቅሏል። እናቷ ትናንት መሰላል ይዛ መጥታ ነው የሰቀለችው፤ መንጠቆው ቀሽም እንደሆነ እያማረረች።

«በስሙ ጠሩት? ፕሮግራሙ ውስጥ?» አለች ዕንቁ።

«ማንን?»

«ኢዩን ነዋ! ሁሉንም ይናገሩ እንጂ! ሬዲዮው የእርስዎ ነው፣ ማን ይከለክልዎታል?»

«ፕሮግራሙ ላይ ስለ ቤት ኪራይ ነው የተናገርኩት» አሉ ጋሽ ሳህሌ። «ሰው የሚጠብቀው እሱን ነው።»

«ያናድዳሉ እኮ!»

«አውቃለሁ። አሁን ዝም በይ፣ ልላክ።»

ፋይሉን በሁለት እጃቸው ጎትተው፣ ስክሪኑን አቋርጠው፣ እስከ ጥጉ ወሰዱት። ጣሉት።

«ልላከው?» አለ አይኮኑ።

ጋሽ ሳህሌ «አይ» አሉት።

«ኧረ ልላከው?»

«አይ» አሉት፤ አሁን ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ተቀምጠዋል።

«በሞቴ፣ ልላከው?»

ዝም ብለው ያዩታል። የማውሱ ቀስት «አዎ» እና «አይ» መሃል ትንቀጠቀጣለች።

«ጋሼ! ሰዓቱ ደረሰ! አዎ በሉት እንጂ!»

«ቆይ እንጂ» አሉ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ። «ጠይቆኝ፣ መልሴን የሚጠብቅ ሰው ካገኘሁ ስንት ጊዜዬ ነው። ትንሽ ይጠብቅ።»